ብርሃን ሲበራ ብቻ የሚቆርጥ መቀስ

መብራት በሄደበት ምሽት ልጆች የሚጫወቱትን ጨዋታ ታውቁታላችሁ። የስልኩን መብራት አብርተው ጣታቸውን ይደፍኑበታል፤ ጣቱ እንደ ፍም ይቀላል። ከመካከላችሁ "ለምን ቀይ ሆነ?" ተብሎ ያልተጠየቀ ወላጅ ካለ እድለኛ ነው። ለሌሎቻችን መልሱ ይኸውላችሁ። የስልኩ ብርሃን ነጭ ነው፤ ነጭ ማለት ደግሞ የቀስተ ደመና ቀለማት ሁሉ ድብልቅ ነው። ደማችንና ሥጋችን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ውጠው ያስቀሩታል። ቀዩ ግን አልፎ በወዲያኛው በኩል ይወጣል።

አሁን ደግሞ የቴሌቪዥን ሪሞት አምጡ። ጫፉን ወደ ስልካችሁ የፊት ካሜራ አዙሩና አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። በዓይናችሁ ምንም አታዩም፤ ስክሪኑ ላይ ግን ሐምራዊ የመሰለች ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች። (አንዳንድ ስልክ ይህን ብርሃን አጣርቶ ያስቀረዋል፤ ካልታያችሁ የጎረቤት ስልክ ሞክሩ።) ያ ከቀይ ብርሃን ወዲያ ያለው ኢንፍራሬድ ነው። እኛ አናየውም እንጂ ለቀይ ቅርብ የሆነው የኢንፍራሬድ ክፍል ሥጋ ውስጥ ከሚታየው ብርሃን ሁሉ ጠልቆ ይገባል።

በዚህ ወር ላወጋችሁ ያሰብኩት ነገር በእነዚህ ሁለት የሳሎን ጨዋታዎች ላይ የቆመ ነው። ሳይንቲስቶች ከውጭ ብርሃን እያበሩ በሰውነት ውስጥ ያለን ጂን ለማረም እየሞከሩ ነው። ቋሚ አንባቢዎቼ እንደምታውቁት እኔ ባዮሎጂን አሥረኛ ክፍል ላይ ተሰናብቼ ሶሻል የገባሁ፣ ኑሮዬም ማርኬቲንግ የሆነ ሰው ነኝ። እዚህ ጉዳይ ውስጥ የከተተኝ አንድ ማስታወቂያ ነው፤ እሱን ቆየት ብዬ አመጣዋለሁ።

ክሪስፐር የሚለውን ስም በዜና ሳትሰሙት አልቀራችሁም። በሴሎቻችን ውስጥ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ፣ ርዝመቱ ሦስት ቢሊዮን ፊደል የሚያህል መጽሐፍ አለ፤ ዲኤንኤ ይባላል። ክሪስፐር ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ የተፈለገውን መስመር ፈልጎ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ካስ-9 የተባለ መቀስ የሚመስል ፕሮቲን አለ፤ ከእሱ ጋር ደግሞ 20 ፊደል የሚያህል አድራሻ የያዘ መሪ አርኤንኤ አለ። አድራሻው እንደ አዲስ አበባ አድራሻ ነው ብላችሁ አስቡት። "ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ ሰማያዊ በር" ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ያደርሳል፤ በዚያው ሰፈር ሌላ ዳቦ ቤትና ሌላ ሰማያዊ በር ካለ ግን የሰው ቤት ያስገባል። ይህን ባክቴሪያዎች ቫይረስን የሚከላከሉበትን ዘዴ ሰው እንዲገለገልበት ያመቻቹት ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑዌል ሻርፓንቲዬ ሥራቸውን በ2012 አሳትመው በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መቀሱ ሰው ማከም ጀምሯል። በኅዳር 2023 ብሪታንያ፣ በወሩ ደግሞ አሜሪካ፣ ሲክል ሴል ለተባለው የደም በሽታ በክሪስፐር የተሠራ ሕክምና ፈቀዱ። አሜሪካ ውስጥ የተቆረጠለት ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ወደ ብር መመንዘሩን ለእናንተ ትቼዋለሁ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በፊላደልፊያ የሕጻናት ሆስፒታል፣ ጉበቱ አሞኒያን ከደም ማስወገድ ያቃተው ጨቅላ፣ ለእሱ ብቻ ተብሎ በስድስት ወር ውስጥ የተዘጋጀ የጂን እርማት ተሰጠው። ዲኤንኤውን ከሁለቱም ወገን ሳይቆርጥ አንዲት የተሳሳተች ፊደል ብቻ የሚለውጥ፣ የክሪስፐር ታናሽ ወንድም ልትሉት የምትችሉት ዓይነት ነው።

እነዚህን ሁለት ሕክምናዎች ሳነብ ዓይኔን የሳበው ሁለቱም አንድን ከባድ ጥያቄ በብልሃት ማለፋቸው ነው። መቀሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ የት እንዲቆርጥ፣ የት ደግሞ እጁን እንዲሰበስብ ማን ያዘዋል? የሲክል ሴሉ ሕክምና የታማሚውን የደም እናት ሴሎች ከሰውነት አውጥቶ ላብራቶሪ ውስጥ ያርማቸዋል፤ ከዚያ ታማሚው በከባድ ኬሞቴራፒ መቅኔው ይጸዳና የታረሙት ይመለሱለታል። መቀሱ ሰውነት ውስጥ አልተለቀቀም ማለት ነው። የፊላደልፊያው ደግሞ የተጓዘው በጥቃቅን የስብ ኳሶች ተጠቅልሎ ነው፤ እነዚህ ኳሶች ደም ውስጥ ሲገቡ በተፈጥሯቸው ወደ ጉበት ይሰበሰባሉ። በሽታው ጉበት ላይ ስለነበረ ጥሩ ሆነ። ዓይን ላይ ወይም ዕጢ ላይ ቢሆንስ?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ፒኤልኬ-1 የተባለ ጂን አለ፤ ሴል ለሁለት ሲከፈል ሥራውን ከሚያስኬዱት አንዱ ነው። የካንሰር ሴሎች ያለ ማቋረጥ ስለሚከፈሉ በዚህ ጂን ላይ በጣም ይደገፋሉ፤ ብትቆርጡባቸው ይሞታሉ። ችግሩ መቅኔያችንና አንጀታችንም በየቀኑ አዳዲስ ሴሎችን የሚያመርቱት በዚሁ ጂን መሆኑ ነው። መድኃኒቱና መርዙ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ቦታው ብቻ ነው። ጊዜውም ይቆጠራል። መቀሱ ሴል ውስጥ ንቁ ሆኖ በቆየ ቁጥር ያልታዘዘውን ሰማያዊ በር የማንኳኳት እድሉ ይጨምራል።

ብርሃን የመጣው ለዚህ ነው። ብርሃን የሚበራበትን ቦታ ትመርጣላችሁ፤ ሲበቃም ታጠፉታላችሁ። ደም ውስጥ ገብቶ ሰውነትን ሁሉ የሚዞር መድኃኒት ይህን ጠባይ የለውም።

ብርሃን መድኃኒት ሲሆን ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ በገዛ ዓይናችሁ አይታችሁታል። ልጃችሁ ሲወለድ ቆዳው ቢጫ ሆኖ፣ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ሰማያዊ መብራት ሥር የተኛ ካለ፣ ያ ጆንዲስን የሚያክም ብርሃን ነው። ሰማያዊው ብርሃን ቆዳ ሥር የተጠራቀመውን ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ነገር ቅርጹን ይለውጠዋል፤ ያኔ ሰውነት በቀላሉ ያስወግደዋል። ነገሩን ያስተዋለችው በ1950ዎቹ በእንግሊዝ ሮችፎርድ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት። ጨቅላዎቹን ወደ ግቢው እያወጣች ፀሐይ ስታሞቅ፣ ፀሐይ የነካው ቆዳቸው ቢጫነቱ ሲቀንስ፣ በጨርቅ የተሸፈነው ግን እንደ ነበረ ሲቀር አየች። የእኛ አያቶች ሕጻን ቅቤ ቀብተው የጠዋት ፀሐይ ሲያሞቁ ቢሰሙ ኖሮ "ታዲያ ምኑ ይገርማል?" ይሉ ነበር። (ለአዲስ እናቶች ግን አንድ ቃል። የጠዋት ፀሐይ የሆስፒታሉን መብራት አይተካም። ልጃችሁ ቢጫ ከመሰላችሁ ሐኪም ይየው።)

ጆንዲስን በሰማያዊ ብርሃን ማከም የተቻለው ቢሊሩቢኑ እዚያው ቆዳ ላይ ስለሚገኝ ነው። በ2015 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የሞሪቶሺ ሳቶ ቡድን ካስ-9ን ለሁለት ከፍሎ፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራ ግማሾቹ የሚጣበቁበትን፣ ሲጠፋ የሚለያዩበትን ዘዴ ሠራ። በ2020 ደግሞ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ መቀሱ ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ብርሃን እስኪያገኝ የሚጠብቅበት፣ ብርሃን በነካው ሰከንዶች ውስጥ የሚቆርጥበት መንገድ ተገኘ። ሁለቱም በጣም ያማሩ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ሰማያዊም ሆነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሥጋ ውስጥ ሩቅ አይሄድም፤ የልጆቹ ጣት የነገረችን ይህንኑ ነው። ሰውነት የሚያሳልፈው ኢንፍራሬድን ነው፤ ኢንፍራሬድ ደግሞ ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ እንዲህ ያሉትን ቁልፎች መክፈት አይችልም።

ናኖ የሚባሉት ነገሮች የገቡት እዚህ መካከል ነው። ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ቁጥሩ ምንም ካልነገራችሁ ጥፍራችሁን ተመልከቱ፤ በየሰከንዱ በግምት አንድ ናኖሜትር ያድጋል። ይህን አንቀጽ ማንበብ ከጀመራችሁ ወዲህ በጥቂት ናኖሜትር ረዝሟል።

በ2019 በቻይና የናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ሥራ ልንገራችሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ለእኔ ግልጽ የሆነልኝ እሱ ነው። ካስ-9ን በናኖ ቅንጣት ላይ አሰሩት። የታሰረ መቀስ ዲኤንኤው ወዳለበት የሴሉ ክፍል አይገባም። ያሰሩበት "ገመድ" በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚበጠስ ኬሚካል ነው። አልትራቫዮሌት ከውጭ እንደማይደርስ አስቀድመን ተነጋግረናል። ስለዚህ ቅንጣቷ ራሷ እዚያው ውስጥ ሆና ታመርተዋለች። ይተርቢየምና ቱሊየም የተባሉ ብርቅ ማዕድናት ስላሉባት፣ ከውጭ የሚመጣውን ደካማ ኢንፍራሬድ እያጠራቀመች ጉልበቱ ወደ በረታ ብርሃን ትለውጠዋለች።

በገንዘብ ላስረዳችሁ፤ ምን ላድርግ፣ የተማርኩት ቢዝነስ ነው። መቶ ብር ኖት ብቻ የሚቀበል ቁልፍ አለ እንበል። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ደግሞ መቶ ብር የያዘ ሰው አያስገባም፤ ሃምሳ የያዘውን ግን ያሳልፋል። ቁልፉ አጠገብ አንዲት ዘርዛሪ ብታስቀምጡስ? ሃምሳ ሃምሳውን ትቀበልና መቶ አድርጋ ቁልፉን ትከፍታለች። ጥበቃው ቆዳና ሥጋችን ነው፤ ሃምሳው ኢንፍራሬድ፣ መቶው አልትራቫዮሌት። ዘርዛሪዋ ቅንጣቷ ናት፤ ኮሚሽኗ ግን ወገብ ይቆርጣል። ከገባው ብርሃን ወደ በረታ ብርሃን ተለውጦ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶው ጥቂት እጅ ብቻ ነው።

የቆረጡት ጂን ያንኑ ፒኤልኬ-1 ነበር። ዕጢ በተተከለባቸው አይጦች ላይ ኢንፍራሬዱን ዕጢው ባለበት ላይ አበሩ፤ የዕጢው እድገት ተገታ። የሰውነቱ ሌላ ክፍል ብርሃን ስላልነካው እዚያ የደረሱት መቀሶች እንደታሰሩ ይቀራሉ። ይህ ነው እንግዲህ የብርሃኑ ፋይዳ ሁሉ።

ወርቅም አለበት። ወርቅ ለእኛ የሠርግና የማስያዣ ነገር ነው፤ በናኖሜትር በሚለካ ቁራጭ ሲሆን ግን ጠባዩ ይለወጣል፣ ቀለሙ እንኳ ቢጫ አይሆንም። ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ሊከርገስ የሚባል የሮማውያን ዋንጫ አለ፤ በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ከፊት ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከኋላ ሲበራበት ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል፤ ምክንያቱ መስታወቱ ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን የወርቅና የብር ቅንጣቶች ናቸው። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ወርቅ በዘንግ ቅርጽ ይሠሩታል። የወርቅ ዘንጓ ኢንፍራሬድ ስትጠጣ ትሞቃለች። ሴሎቻችን ደግሞ ሲሞቃቸው ብቻ የሚከፍቷቸው ጂኖች አሏቸው፤ በ2020 የቻይና ተመራማሪዎች የካስ-9ን ትእዛዝ ከእንዲህ ያለ የሙቀት ማብሪያ ጋር አያያዙት። ብርሃኑ ወርቁን ያሞቃል፣ ሙቀቱ ማብሪያውን ይከፍታል፣ ሴሉ መቀሱን ራሱ ይሠራል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ደስ ይላል። አሁን ደግሞ ደስ የማይለው። አይጥ ትንሽ ናት። ኢንፍራሬድ ሥጋ ውስጥ የሚሄደው በሚሊሜትር፣ ቢበዛ በጥቂት ሴንቲሜትር የሚለካ ርቀት ነው፤ ለአይጥ ያ ግማሽ ሰውነቷ ነው፣ ለአዋቂ ሰው ግን ቆዳና ስቡን አልፎ ብዙም ላይሄድ ይችላል። ጥልቅ ቦታ ለመድረስ ቀጭን የብርሃን ገመድ በመርፌ ወይም በኢንዶስኮፒ ማስገባት ያስፈልጋል። በብዙ ሙከራዎች የተመረጠው 980 ናኖሜትር የሚባለው ብርሃን ደግሞ ውሃን ያሞቃል፤ እኛም በአብዛኛው ውሃ ነን። ስለዚህ ወደ 808 ናኖሜትር የዞሩ ብዙ ናቸው። ቅንጣቶቹ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ብረት ነክ ስለሆኑ እንደ ስብ ኳሶቹ ሟሙተው አይጠፉም። አልትራቫዮሌትም ቢሆን ራሱ ዲኤንኤን የሚጎዳ ብርሃን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ መብራት ማጥፋት አዲስ መቀስ እንዳይፈታ ያደርጋል እንጂ የተቆረጠውን መልሶ አይሰፋም።

በእነዚህ ምክንያቶች ይህ ሥራ ዛሬ ያለው ላብራቶሪ ውስጥ፣ በሴሎችና በአይጦች ላይ ነው። በብርሃን የሚታዘዝ የጂን እርማት ለሰው ሕክምና እንዲሸጥ የተፈቀደበት አገር የለም። ወደፊት ተስፋ የሚጣልበት ብርሃን በሚደርስባቸው ቦታዎች ነው፤ ዓይን፣ ቆዳ፣ በኢንዶስኮፒ የሚታይ ዕጢ።

ወደ ማስታወቂያው ልምጣ። "ናኖ" የሚለው ቃል ማሸጊያ ላይ ምን እንደሚሠራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብል ኩራት አይሁንብኝ። ዋጋ ያስጨምራል፣ ጥያቄ ያስቀራል። እውነተኛ ናኖ በቤታችሁ የለም ማለቴ አይደለም። በብዙ የፀሐይ መከላከያ ክሬሞች ውስጥ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ በናኖ መጠን የተፈጨ ነው፤ ፊት ላይ ነጭ ሆኖ እንዳይታይ ያደረገውም ይኸው ነው። "ዲኤንኤ የሚጠግን ናኖ ሴረም" እና "ጂን የሚያነቃ የብርሃን ማስክ" ግን ከላይ ካነበባችሁት ጋር ከስም በቀር አይገናኙም። ገንዘቡ የክሬም ዋጋ ከሆነ ግድ የለም፤ በክሬም የከሰረ ሰው ይስቃል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ያመጣችልኝ ግን የክሬም አልነበረም። የእህቷ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዱሼን የተባለ የጡንቻ በሽታ አለበት። ብዙውን ጊዜ ወንዶች ልጆችን የሚይዝ፣ በአንድ ጂን ስህተት ጡንቻን ሁሉ ቀስ በቀስ የሚያደክም በሽታ ነው። እናቱ ቴሌግራም ላይ ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ ወኪል አገኘች፤ "በሌዘርና በናኖ ቴክኖሎጂ ጂን ማስተካከል፣ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በሦስት ሳምንት"። ቤተሰቡ መኪናውን ሊሸጥ ተነጋግሯል። ባልደረባዬ ስልኩን እየሰጠችኝ "አንቺ ማስታወቂያ ታውቂያለሽ፤ እስቲ አንብቢልኝ" አለችኝ።

አነበብኩት። ቃላቱ እውነተኛ ናቸው፤ ክሪስፐር አለ፣ ኢንፍራሬድ አለ፣ ከሳይንስ መጽሔት የተቆረጠ ሥዕልም አለ። አንድ ነገር ግን አልገጣጠም አለኝ። ዱሼን የአንድ ቦታ በሽታ አይደለም። እግር፣ ጀርባ፣ የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ልብ፣ ሁሉም ናቸው። የብርሃን ጥበብ ጥቅሙ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቦታን ከሌላው መለየቱ ነው። የሰውነቱ ጡንቻ ሁሉ ለሚታመም ልጅ በብርሃን ጂን ማረም ቢሠራ እንኳ የመጨረሻው አማራጭ ነበር። ለዚህ በሽታ በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ የጂን ሕክምና አለ፤ እሱ ግን ከብርሃን ጋር ግንኙነት የለውም፣ በሽታ ከማያመጣ ቫይረስ ጀርባ አጠር ያለ ተተኪ ጂን ጭኖ የሚያስገባ ነው፤ ከወሰዱት መካከል ጉበታቸው ተጎድቶ የሞቱ ልጆችም አሉ። እውነተኛው እንኳ እንዲህ ከባድ ነው።

ከባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን ለወኪሉ የሚላክ አጭር መልእክት ጻፍን። ሕክምናውን የየትኛው አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቀደው? ሙከራ ከሆነ የምዝገባ ቁጥሩ ስንት ነው? ሙከራ ከሆነስ ለምን ይከፈልበታል? (ደንቡን ጠብቆ የሚሠራ የሕክምና ሙከራ የሚሞከረውን መድኃኒት ለታማሚው አብዛኛውን ጊዜ አይሸጥም።) ብርሃኑ ልቡ ጋ በምን ይደርሳል? ከዚህ በላይ ሳይንስ ማወቅ አላስፈለገንም።

መልሱ በማግስቱ መጣ። የምዝገባ ቁጥር አልነበረበትም፤ ስለ ልብም አልተነሳም። "ያለን ቦታ ውስን ስለሆነ ቅድመ ክፍያው እስከ ዓርብ ይግባ" ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር በደንብ አውቃታለሁ፤ ለአፓርታማ ሽያጭ ስንት ጊዜ ጽፌያታለሁ።

ዓርብ አለፈ፤ ገንዘቡ አልተላከም፣ መኪናውም አልተሸጠም። ልጁ በእሱ ወደ ፊዚዮቴራፒ ይመላለሳል። በዚህ ወር ደግሞ የልብ ምርመራ ቀጠሮ አለው።